ዜሮ አይደለም፣ የለም ነው

አባንግ ኦጁሉ ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምጿ ይወርዳል። ባሮ ወንዝ ሲሞላም እንደዚያ ነው። ጩኸት የለውም፤ ዝም ብሎ ይጠቁርና ዳርቻውን መብላት ይጀምራል። ጋምቤላ ክልል ከተባለ ገና ጥቂት ዓመቱ በነበረበት በዚያ ክረምት መግቢያ፣ መድኃኒት በሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ድምጿ ወርዶ ወርዶ የጭነት መኪናው ሞተር ሊያሸንፈው ደረሰ። ቢሮው ግን በሙሉ ሰማት። ያናደዳት አንዲት ክብ ምልክት ነበረች። ዜሮ።

አባንግ የወንጌል ሰባኪው የኦጁሉ ልጅ ናት። ያደገችው ባሮ ዳር፣ ከማንጎ ዛፎች ሥር ባለ ጸሎት ቤት፣ በመዘምራን መካከል ነው። እዚያ መዝሙር በመጽሐፍ አይያዝም፤ አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ይቀበላል። አቀባይ ቃሉን ይሰጣል፤ ተቀባይ ያንኑ ቃል አንሥቶ ያዞረዋል፣ ያሳድገዋል፣ ለሚቀጥለው ያሳልፈዋል። ልጅ ሳለች አንድ እሑድ አቀባይዋ ሴት መዝሙሩ መሀል ላይ ዝም አለች። አባንግ ዝምታው አላስችል አላትና ከገዛ ራሷ ቃል ፈጥራ ቀጠለች። ጉባኤውም ተከተላት፤ እልል ተባለ። ሴትዮዋ ለካ ወባ ይዟት ኖሮ ቆማ ስትንቀጠቀጥ ነበር፤ በእልልታው መሀል ወደቀች። ኦጁሉ ልጁን ደጅ አውጥቶ እንዲህ አላት።

"ያልተሰጠሽን አትቀበዪ። መሪሽ ዝም ስትል ዞር በይና ምን ነካት ብለሽ እያት።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ተማረች። አዲስ አበባ ሒሳብ አጠናች፤ ቀጥሎም ውጭ አገር ተልካ ኮምፒውተር ተማረች። ብርዱ ባሮን ባስናፈቃት በዚያ አገር አንድ ቀን መምህሯ ሰሌዳው ላይ ሞናድ የሚባል ነገር ጻፈ። ስሙ ያስፈራል። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ጭንቅላቱን ሲያክ አባንግ ሳቀች። ነገሩን ታውቀዋለች፤ የአባቷ መዘምራን ናቸው! አንዱ ሥራ ውጤቱን ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ የሚቀበለው ነገር ካለ ሥራው ይቀጥላል፤ ከሌለ ደግሞ ማንም ከኪሱ አውጥቶ አይሞላም። ዝምታው ከነምክንያቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍና መጨረሻ ላይ ካለው ሰው ፊት ቆሞ "እንዲህ ሆኜ ነው" ይላል። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚሉት ትምህርት ውስጥ እሷ ልቧ የቀረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ጋምቤላ ስትመለስ የጠበቃት ግን ሲ ነበር። ሲ ከማሽኑ አጥንት ጋር የሚነጋገር ቋንቋ ነው። ፈጣን ነው፤ ርኅራኄ የለውም። ምንም ያልተቀመጠበትን ሳጥን ክፈት ብትሉት አይከለክላችሁም፤ የተገኘውን ቆሻሻ አፍሶ ቁጥር ነው ብሎ ይሰጣችኋል። መዘምራንን በዚህ ቋንቋ ማስዘመር ይቻላል ያለ ሰው በአገሩ አልነበረም። አባንግ በማክሮ አደረገችው። ማክሮ አጭር ስም ነው፤ ስሙን በጻፋችሁበት ቦታ ሁሉ ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስሙን አንሥቶ የተዘጋጀለትን ረጅም ትእዛዝ ይተካበታል። የእሷ ማክሮ ስም በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ጥርት ያለ አማርኛ ነበር። ተቀበል።

"ተቀበል?" አለች እትዬ አልማዜ፤ ከጎጃም መጥታ እዚሁ የከረመችው የሬዲዮና የጽሕፈት ሠራተኛችን። "ወይ የኔ እናት! መንግሥት ያስተማረሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?"

"መዘምር ነኝ፣ እትዬ።"

"እኔ ደግሞ ልስጥሽ፣ ተቀበይ፤" ብላ አልማዜ ቁልፎቹን እየመታች አንጎራጎረች።

ከማዶ ብጣራ የለም አለኝ ባሮ፣
ሰው ነው ወይስ ድምፅ የጠፋው ዘንድሮ።

ሥራው እንዲህ ነበር። በየጠዋቱ ከየወረዳው የሬዲዮ ጥሪ ይመጣል። አልማዜ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። የአባንግ ፕሮግራም የጣቢያውን ስም ይቀበላል፣ ከስሙ የታማሚዎቹን ቁጥር ይቀበላል፣ ከቁጥሩ የመድኃኒቱን ድርሻ ይቀበላል፤ በየደረጃው ተቀበል፣ ተቀበል፣ ተቀበል። አንዱ ላይ ቁጥር ከጠፋ መዝሙሩ ይቆማል። ማሽኑም በዚያ በተንጋደደ የላቲን አማርኛው "ማን የለም?" ብሎ ይጠይቃል። አልማዜ "ነዝናዛ!" እያለች ትመልስለታለች፤ መንገድ ተቆርጧል፣ ባትሪ ሞቷል፣ ታንኳው አልመጣም። ምክንያቱም ከዝምታው ጋር ታትሞ ይወጣል።

ከኢታንግ የምትጠራን ኛሙዎች ነበረች፤ ከኢታንግ ወዲያ ያሉትን የወንዝ ዳር ጤና ኬላዎች ቁጥር ሰብስባ የምታሰማን ኑዌር ሴት። ከኬላዎቹ ሁሉ የታችኛው የኩን ነበር። ኩን ጤና ረዳት ነው። ቁጥሩን በዓሣ አጥማጆች ታንኳ ይልካል፤ አንዳንዴ ራሱ ይመጣና መነጋገሪያውን ከኛሙዎች ነጥቆ "አባንግ! ማሽንሽ ደኅና አደረ?" ይላል። "አንተ ከሌለህ አያድርም፤" ትለዋለች። ተያይተው አያውቁም። ሳቁን ግን ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል፤ በሬዲዮው ሹክሹክታ መሀል እንደ ብርሃን የሚገባ ሳቅ ነበር።

አለቃችን አቶ ጥዑመልሳን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ሲ የሚችል፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። ተቀበልን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጠላት። ምክንያት አላጣም። ማክሮዋ ስትጻፍ ስሕተት ነበረባት፤ የተሰጣትን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ትደግመው ነበር። ስለዚህ ማሽኑ የአንዱን ጣቢያ መልእክት አንሥቶ "አለ" ብሎ ካረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለውን ጣቢያ መልእክት ይውጥ ነበር። አንድ ሳምንት ከጣቢያዎቹ ግማሾቹ ከሪፖርቱ ጠፉ። ያገኘው ጥዑመልሳን ነው። አባንግ መልእክቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ እጅ ላይ እንዲቆይ አድርጋ በዚያው ቀን አስተካከለችው። እሱ ግን አልረሳም።

"ይሄ ሲ ነው ወይስ አዝማሪ ቤት?" ይላታል።

"አዝማሪ ቤት ቢያንስ ሰው ይሰማበታል፣ አቶ ጥዑመልሳን።"

"ስሚኝማ፣ ወይዘሪት አባንግ። እኔ ኮድ ሳነብ የመውጫ በሩ የት እንዳለ ማየት አለብኝ። አንቺ በሩን ከመጋረጃ ጀርባ ደብቀሽዋል። ተቀበል የሚል ቃል አያለሁ፤ ውስጡ ግን 'ከሌለ ተመለስ' የሚል ተሸሽጓል። ነገ ትምህርት ደርሶሽ ብትሄጂ በምን ዓይኔ ላየው?"

"አስረድቼዎታለሁ።"

"አስረድተሽኛል፤ ሞናድ ብለሽኛል። እኔስ ለሚተካኝ ሰው ምን ልበለው?"

ክርክሩ ሳያልቅ አባንግ ለሥልጠና ጅማ ተላከች። እሷ ሄዳ ሳትመለስ ጥዑመልሳን ተቀበልን ከሥሯ ነቀላት። ኮዱን ማንም ተማሪ በሚያነበው መንገድ፣ በንጹሕና በግልጽ ሲ ጻፈው። ከላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ቅጹ ላይ ባዶ ሳጥን አንቀበልም ብለው ነበርና፣ ቁጥር በታጣበት ቦታ ሁሉ ማሽኑ አንዲት ነገር እንዲያስቀምጥ አዘዘው።

ዜሮ! ወይ ይህች ዜሮ! ክብ ናት፣ ለስላሳ ናት፣ ሳጥኗ ውስጥ ስትቀመጥ እንደ ተኛ ሕፃን ታምራለች። ቆጥሬ አንድም አላገኘሁም ማለት የነበረባት ምልክት፣ ማንም ሳይቆጥር፣ ማንም ኬላው ደጅ ሳይደርስ፣ የተቆጠረች መስላ ወረቀቱ ላይ ተኛች። ባዶ ሳጥን ቢያንስ ያሳፍራል። ዜሮ ግን አታሳፍርም፤ ታስተኛለች። ቢሮው ተኛ፣ አዲስ አበባ ተኛ፤ ወንዙ ዳር ያሉት ብቻ ትኩሳቱ እንቅልፍ ነሥቷቸው አደሩ።

አባንግ ከጅማ ተመልሳ ቢሮ የገባችው ግቢው ውስጥ ወደ ኢታንግ የሚሄደው የጭነት መኪና ሲጫን ነው። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል። ዝናቡ በደንብ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል፤ ከዚህ መኪና በኋላ ሌላ መኪና የለም። ከማተሚያው የተንጠለጠለውን የክፍፍል ወረቀት ስታይ በኩን ኬላ መስመር ላይ ዜሮ ታማሚ፣ ዜሮ መድኃኒት አየች። ወደ ኋላ ያሉትን ሳምንታት ገለበጠች። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

"እትዬ አልማዜ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምኑ የኔ እናት? እንኳን ደኅና መጣሽ!"

"የኩን ኬላ። ታማሚ ዜሮ ይላል።"

"የለም አለቻ፣ ኛሙዎች።"

"ምን የለም?"

"ታማሚ ነዋ! ታማሚ ስንት ስላት 'የለም' አለችኝ። የለም ዜሮ አይደል እንዴ?"

"ማሽኑ ማን የለም ብሎ አልጠየቀሽም?"

"ድሮ ነበር የሚነዘንዘኝ። አለቃችን አስተዉት፤ እፎይ አልን።"

አባንግ ወረቀቱን ቀድዳ ግቢ ወጣች። ጥዑመልሳን ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር መኪናው ሥር ቆሟል። ድምጿ የወረደው ያኔ ነው።

"አቶ ጥዑመልሳን፣ በክረምት መግቢያ፣ ረግረግ መሀል፣ ወባ የሌለበት መንደር ያውቃሉ?"

"እንኳን መጣሽ። እሱ እኮ የወባ ቅነሳ ነው። ለአዲስ አበባ ሪፖርት አድርገነዋል፤ በጣም ነው ደስ ያላቸው።"

"አልተቆጠረም።"

"ሬዲዮ ላይ የለም ብላለች። ምስክር አለ።"

"ማን እንደሌለ አልጠየቃችሁም።"

"ያ ማክሮሽ ነው አሁንም የሚያነጋግርሽ? ሥራ ላይ ነን፣ ወይዘሪት። ሰማዩን እዪ! ለአንድ ኬላ ብዬ መኪናውን ባቆም፣ ዝናቡም ቢቀድመኝ፣ የኢታንግ መድኃኒት በሙሉ እዚህ መጋዘን ሊያረጅ ነው። ያንን ኃላፊነት ትወስጃለሽ?"

ይህ እውነት ነበር፤ ሁላችንም እውነት መሆኑን እናውቃለን። አባንግም ታውቃለች። ግን እርስዎ የሚለው አክብሮት ከአፏ ወደቀ።

"ባዶውን ሞላኸው፤" አለችው። አልማዜ በመስኮቱ "በስመ አብ!" ስትል ተሰማ። "ሰው ዝም አለ፣ አንተ ከኪስህ ቃል አውጥተህ ዘመርክለት። እልልም ተባለልህ። ያልተሰጠህን ተቀበልክ። በሩ አይታየኝም ትለኛለህ፤ እኔ በሩን ሰወርኩ፣ አንተ ግን ግድግዳ ላይ በር ስለህ ሰዎቹ ወጥተዋል አልክ።"

የጫኞቹ እጅ ቆመ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጫማውን ያያል። ጥዑመልሳን ፊቱ ቀላ፤ ከበታቹ ያለች ሴት፣ በሰው ፊት፣ አንተ አለችው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ።

"አንድ ጥሪ፤" አለ። "አንድ ብቻ። ሰዓቱ አልፏል፣ ኢታንግ ሬዲዮዋን ዘግታ ይሆናል። ካልመለሱ መኪናው ይሄዳል።"

ወደ ሬዲዮው ክፍል ገባን። አልማዜ መነጋገሪያውን ለአባንግ ስትዘረጋ አባንግ ወደ ጥዑመልሳን መለሰችው።

"እርስዎ ይጠይቁ።"

ይህ እርስዎ ከአንተው ይብስ ነበር።

"ኢታንግ፣ ኢታንግ፣ ጋምቤላ ነው። ይሰማል? ኦቨር።"

ሹክሹክታ ብቻ። ደገመ። ከዚያ የኛሙዎች ድምፅ ቅርብ ሆኖ መጣ።

"ይሰማል፣ ይሰማል። መኪና ስጠብቅ ከጠዋት ጀምሮ አልዘጋሁም። ወጣ? ኦቨር።"

"አልወጣም። ስለ ታችኛው ኬላ ነው። የለም ብለሻል። ማን ነው የሌለው? ኦቨር።"

ከሬዲዮው ውስጥ ወንዙ የሚሰማ መሰለኝ።

"ዛሬ ጠየቃችሁ?" አለች። "ኩን። ኩን የለም።"

"የት ሄደ?"

"የት ይሄዳል? መጀመሪያ ታመመ፤ ቤት ተኛ፤ ኬላ ላይ የለም። የለም አልኳችሁ። 'እሺ፣ ዜሮ፣ ቀጣይ' አላችሁ። መድኃኒት አለቀ፤ መድኃኒትስ ብዬ ጠየቅሁ። 'ማሽኑ ያውቃል' አላችሁ። አሁን ደግሞ የለም። በቃ የለም። ቀበርነው።"

ጥዑመልሳን መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ያዘ። "እኛ እኮ... ታማሚ የለም ያልሽ መስሎን..."

"ታማሚማ ሞልቷል! መቁጠር የሚችል ነው የሌለው። እኔ አማርኛዬ ልክ ነው፣ አለቃ። እሱ የለም አልኩ። የናንተ ማሽን ነው አማርኛ የማይችለው። ኦቨር።"

አልማዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። 'ማሽኑ ያውቃል' ያለችው እሷ ነበረች። ያን ሳቅ ዳግመኛ እንደማንሰማው ሁላችንም በአንድ ጊዜ ገባን። አባንግ አላለቀሰችም። ቆማ የሬዲዮዋን ቀይ መብራት ታያለች።

ጥዑመልሳን ግቢ ወጣ። የመጋዘኑ ኃላፊ ብዕሩን አዘጋጅቶ "ለታችኛው ኬላ ስንት ልጻፍ?" አለው።

"ቁጥር የለም፤" አለ ጥዑመልሳን። "መኪናው የሚችለውን ያህል ጫንና እንደዚያው ብለህ ጻፍ። ቁጥር የለም።"

መኪናው ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራውን መብሳት ጀምረው ነበር። ዝናቡን በጥቂቱ ቀድሞ ኢታንግ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ኛሙዎች ራሷ ከመድኃኒቱ ጋር በታንኳ ወረደች።

በማግሥቱ ጥዑመልሳን አባንግ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

"መልሺው፤" አላት። "አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስሙ ላይ 'ወይም ተመለስ' የሚል ጨምሪበት። በሩን ልየው።"

ወንበር አልሰጠችውም። ሲሄድ ግን የተጠየቀችውን ጨመረች፤ ልክ ነበርና። ልክ መሆኑ ንዴቷን አላበረደውም። የሚበርድ ንዴትም አይደለም። እኔ ሰው በጊዜ ብዛት ይለሰልሳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ስለ አባንግ እንዲህ ማለት አልችልም። አልማዜም ከዚያ ወዲያ ቁልፎቹን ስትመታ የምታንጎራጉረው ይህን ብቻ ሆነ።

ዝም ያለውን ሁሉ ደኅና ነው አትበሉ፣
ተቀባይ አጥተው ነው ዝም ብለው የዋሉ።

ዓመታት አለፉ። ጥዑመልሳን ተዛወረ፤ ማሽኖቹ ተቀየሩ። አባንግ እዚያው ናት፤ ተቀበልም ከነተቀጽላዋ እዚያው ናት። በየጊዜው ከኮሌጅ የሚመጡ አዳዲስ ሠራተኞች ማሽኑ መሀል ላይ እየቆመ ሲጠይቃቸው ይሰለቻሉ። በቅርቡ አንዱ፣ በረከት የሚባል፣ ሰነፍ ያልሆነ ልጅ፣ ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ እንዲህ አላት።

"አባንግዬ፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ 'ማን የለም' እያለ ሥራ ያስፈታል። ለጊዜው ዜሮ ሰጥተነው ብናልፍስ?"

የጣሪያው ማራገቢያ ይሽከረከራል። ድምጿ ወረደ።

"ጠይቆሃል፤" አለችው። "ተነሥ፣ ሬዲዮውን ክፈትና መልስለት።"